ከጅዳ መሸኛ ያላመጣው በረኛ

ከዲሮ አማን በረኛ ነው። እንጀራውን የሚያገኘው ማቀዝቀዣ በመጠገን ነው፤ ማን ነህ ብለው ሲጠይቁት ግን ከስሙ ቀጥሎ የሚናገረው በረኝነቱን ነው። ጅዳ ተወልዶ፣ ጅዳ አድጎ፣ በሃያ አራት ዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከብዙ መሰሎቹ ጋር በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። «ተመለሰ» የምለው የተሻለ ቃል አጥቼ ነው። ሰው ረግጦት ወደማያውቀው ቦታ እንዴት ይመለሳል? ይሁን፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል፣ ወረቀቱም እንደዚያ ይላል። ከሰውና ከወረቀት ደግሞ የሚደመጠው የትኛው እንደሆነ በዚህ ዓመት በደንብ ተምሬያለሁ።

የተዋወቅነው ማቀዝቀዣዬ ቆሞብኝ ነው። አክስቱ አስያ ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ አላት። «የወንድሜ ልጅ ያይልዎታል» ብላ ላከችው። ጅዳ ሳለ ሥራው ኤሲ መግጠምና መጠገን ነበር። ይህን ሲነግረኝ ሳቄን መደበቅ አቃተኝ።

«ሳቁ ጋሼ፣ ሳቁ» አለኝ መፍቻውን ሳያስቀምጥ። «አሰላ ላይ ኤሲ ማን ይገዛል? ጭላሎ ተራራ በነጻ ይነፍስ የለ!»

ሲሠራ እጁን አየሁት። የግራ እጁ መሐል ጣት ከአንጓው ላይ ወደ ጎን ዞሯል፤ ቀለበት ጣቱም እንደዚያው። ምን ሆነህ ነው አልኩት።

«ክሪኬት ነው ጋሼ።»

ክሪኬትን እኔ የማውቀው በስም ብቻ ነበር። እሱ ጅዳ ውስጥ አብረውት የሚሠሩት ፓኪስታኖች ዓርብ ዓርብ ባዶ መሬት ላይ ይጫወቱት እንደነበር ነገረኝ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፣ የቀሩት ሜዳው ላይ ተበትነው የተመታውን ይቀልባሉ። «ኳሱ ድንጋይ በለው። በባዶ እጅ ነው የምትቀልበው። ከለቀቅክ በአምስት ቋንቋ ይሰድቡሃል፣ ከያዝክ ጣትህ ይሄዳል።» ከዲሮ የማይለቅ እጅ ነበረው። ነገር ግን ፓኪስታኖቹ መካከል ደንብ ነበር፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ከሁለት በላይ የውጭ ሰው አይሰለፍም። የከዲሮ ቡድን አንድ የባንግላዴሽና አንድ የስሪላንካ ሰው ነበረው።

«እነሱ ከመጡ አራት ወራቸው ነበር» አለኝ። «እኔ ደግሞ ከሜዳው ጀርባ ያለው ሆስፒታል ነው የተወለድኩት። ሦስተኛ የውጭ ሰው ነህ ብለው ውሃ አቀባይ አደረጉኝ።»

ይህን ሲናገር አልከፋውም። ማቀዝቀዣዬን ገልብጦ ጀርባውን ያይ ነበር። የከፋኝ እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ በሌላው ነገር መከፋት ይወዳል።

እኛ ሰፈር «ጭላሎ ግርጌ» የሚባል የእግር ኳስ ቡድን አለ። ቡድን መሪው እንደሻው ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር፣ የፕላስቲክ ማኅደር ከብብቱ የማይለይ፣ በቀጭን ድምፅ ብዙ የሚናገር ሰው ነው። ከዲሮ በመጣ በሁለተኛው ወር ልምምድ ላይ በር ቆሞ ሲያየው እንደሻው ከደስታ ብዛት የተሳደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። እነዚያ ጠማማ ጣቶች የያዙትን ኳስ አይለቁም። ድንጋይ የለመደ እጅ በነፋስ የተሞላ ኳስ ምኑ ነው?

ችግሩ ይኸው ነው፤ ከዲሮ ሦስት ዓመት ሙሉ የጭላሎ ግርጌ በረኛ የነበረው በልምምድና በወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ነው። የዞኑ የአማተር ክለቦች ውድድር ሲመጣ ቴሴራ ያስፈልጋል፤ ተጫዋች የሚመዘገብበት ካርድ ማለት ነው። ቴሴራ ለማውጣት የከተማው የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል። ከዲሮ መታወቂያ የለውም። ስለዚህ ውድድር ሲደርስ በሩ ላይ የሚቆመው ባጃጅ ነጂው በዛብህ ነው። በዛብህ ራሱ ደካማነቱን ያውቃል። «ጋሽ እንደሻው፣ በእኔ አይፍረዱ» ይላል። «ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ፊት ለፊት የሚመጣብኝን ነገር ማምለጥ ነው። ኳስም ሲመጣ እጄ ሳላዘው መሪ ያጥፋል።»

ዘንድሮ ግን እግዜር ይሁን ዕድል፣ ጭላሎ ግርጌ እንደምንም ግማሽ ፍጻሜ ገባ። ጨዋታው እዚሁ አሰላ፣ ሚያዝያ ውስጥ በአንዱ እሁድ፣ ከጮሌ ወረዳ ቡድን ጋር። አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው እንደሻው ቤቴ መጣ፣ ከዲሮንም አስከትሏል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ፍልስፍና ተምረዋል፤ ደብዳቤ ይችላሉ። ይህን ልጅ እሁድ ከዚያ በር ላይ ካላቆምኩት እኔ ኳስ በቃኝ።»

ከዲሮን አየሁት። «አንተስ?»

«እኔ ልጫወት ነው የምፈልገው» አለ። «ስሜ ተጽፎ። ዝርዝሩ ሲነበብ ‹በረኛ፣ ቁጥር አንድ› ተብዬ።»

በማግስቱ ሦስታችንም ቀበሌ ሄድን፤ አስያም ሱቋን ዘግታ ተከተለችን። መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ትሑት ነበረች። ጨዋ ሰው ሲያሰናክልህ ምን ብለህ ትቆጣለህ?

«መሸኛ ይዘዋል?» አለችው።

«ከየት?»

«ከመጡበት ቀበሌ።»

«የመጣሁት ከጅዳ ነው።»

«እሺ፣ ከጅዳ ቀበሌ።»

እንደሻው ማኅደሩን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። «የኔ እመቤት፣ ጅዳ ቀበሌ የለም።»

«ታዲያ የት ይኖሩ ነበር?»

«ቤት ውስጥ» አለ ከዲሮ፣ ከልቡ።

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። ልጅቱም ሳቀች፤ መሸኛውን ግን አልተወችም። ሰው ከአንድ ቀበሌ ሲለቅ «የእኛ ነዋሪ ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ አሰናብተነዋል» የሚል ደብዳቤ ካልያዘ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግበውም። ምክንያቱም ያለዚያ ሁለት ቦታ ይመዘገባል። ከዲሮ አንድም ቦታ ተመዝግቦ አያውቅም። አንድም ቦታ ያልተመዘገበን ሰው ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ መከልከል፤ እንግዲህ እኔ አርባ ዓመት ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚፈታልኝ አንድ ገጽ አላገኘሁም።

ከዲሮ ስልኩን አውጥቶ ፋይዳውን አሳያት። ቁጥሩ አለ፣ ፎቶው አለ፣ አሻራው አለ።

«ይሄ ማን እንደሆኑ ነው የሚናገረው» አለችው ቀስ ብላ። «እዚህ መኖርዎን አይናገርም።»

«እኔ ልናገር!» አለች አስያ። «ሦስት ዓመት እኔ ቤት ነው የሚያድር! ካልሲው እንኳ እኔ ገመድ ላይ ነው የሚሰጣው! መጥተሽ እይ!»

«እርስዎ ጋ መኖሩን አልካድንም እናቴ። ከነበረበት መልቀቁን ነው ያላረጋገጥነው።»

«በአውቶቡስ ጭነው፣ በፖሊስ አጅበው ነው ያስለቀቁኝ» አለ ከዲሮ። «ከዚህ በላይ መልቀቅ አለ?»

ምን ዋጋ አለው። ወጣን። አስያ ደጃፉ ላይ ቆማ ሁላችንንም ገላመጠችን። «ልጁ ኳስ ልያዝ አለ፤ እናንተ ደግሞ መንግሥት ልመሥርት ያለ አስመሰላችሁት።»

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የእኔ ሐሳብ ነበር፤ ማንም አልገፋፋኝም። የከዲሮ አባት አማን ቃበቶ የጮሌ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከዚያ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል ባሕር የተሻገረ፣ ጅዳ የተቀበረ። የአባቱ ቀበሌ ልጁን መዝግቦ መሸኛ ቢሰጠውስ? አሰላ የምትፈልገው መሸኛ ነው፤ ከየትም ይምጣ። እንደሻው ግንባሩን መታ። «ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ጠፋኝ!» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ተንኮል ሲሳካ የሚሰማውን ዓይነት ደስታ፣ በእርጅና ያልጠበቅሁት።

በጢቾ በኩል የሚሄደውን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፍረን ሰኞ ማለዳ ወጣን። ከዲሮ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የገብስ ማሳውን ያይ ነበር፤ አባቱ የነገረውን ዛፍ የሚፈልግ ይመስል። ከጮሌ ከተማ ወጣ ያለው የአባቱ ቀበሌ ስንደርስ ሊቀመንበሩ ቦንሳ የሚባል፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ የሚስቅ ሰው ሆኖ አገኘነው። በትንሽ ቦታ አንድ ሰው ብዙ ኮፍያ ያደርጋል፤ ቦንሳም የወረዳው ኳስ ቡድን መሪ ነበር። ይህንን ሲነግረን እንደሻው በክርኑ ጎሸመኝ፤ እኔ ግን ምን አገባን አልኩ። ለአንድ ደብዳቤ ነው የመጣነው።

ቦንሳ ሦስት ሽማግሌዎች አስጠራ። ትልቁ ዓይናቸው የደከመ ነው፤ ከዲሮን አጠገባቸው አስቀምጠው ጉልበቱን ያዙትና በኦሮምኛ «ቁጠር» አሉት። ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ከዲሮ ግን ገባው። ዓይኑን ጨፍኖ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ከዚያም በላይ ያሉትን እየጠራ ወጣ። አማን፣ ቃበቶ፣ እያለ ዘጠኝ ቆጠረ። አባቱ ጅዳ ውስጥ ኤሲ በሚያንጎራጉርበት ክፍል አስቀምጦ ያስጠናው ነበር። አራተኛው ላይ ሁለተኛው ሽማግሌ አብረውት ይቆጥሩ ጀመር፤ ዘጠነኛው ላይ ሦስቱም አንድ ላይ ደረሱ።

«ኢልመ ኬኛ» አሉ ትልቁ። ልጃችን ነው።

ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። አሰላ በሦስት ዓመት ያልተረጋገጠው ነገር እዚህ በአፍ ብቻ አለቀ። ከዲሮ ጉልበቱን ከያዙት እጅ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

ከዚያ የወረቀቱ ሥራ መጣ። ቦንሳ በአምስት ሰዓት ከዲሮን በአያቱ ቤተሰብ መዝገብ ላይ ጻፈው። በስድስት ሰዓት መሸኛውን ጻፈለት። እኔ በአማርኛ አረቀቅሁት፣ እሱ ወደ ኦሮምኛ መለሰው። «የቀበሌያችን ነዋሪ የነበሩት አቶ ከዲሮ አማን ቃበቶ ወደ አሰላ ከተማ የተዛወሩ ስለሆነ» የሚለውን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ አጻጻፍ አልነበረም፤ መሸኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ከዲሮ ለአንድ ሰዓት የጮሌ ነዋሪ ሆኖ ነበር ማለት ነው፤ ያንንም ሰዓት አብዛኛውን ሻይ ሲጠጣ ነው ያሳለፈው።

ቦንሳ ማኅተሙን ሲመታ ከዲሮን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ይህን የሚያህል ቁመት ያለው ልጅ መሸኘት ያሳዝናል» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ነገር በኋላ ሲገባህ የሚያናድደው ፊት ለፊትህ ቆሞ ማለፉ ነው።

ረቡዕ ዕለት አሰላ መታወቂያውን ሰጠችው። መስኮት ሦስት ያለችው ልጅ ራሷ ደስ ብሏት «እንኳን ደህና መጡ» አለችው፤ ሦስት ዓመት ዘግይታ። ከዲሮ ካርዱን ይዞ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመ፤ የፈረስ ጋሪ እያለፈ፣ ባጃጅ ጡሩምባ እየነፋበት፣ እሱ ፀሐይ ላይ ካርዱን ዘንበል አድርጎ ያነብባል።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«አድራሻ ይላል፤ ከዚያ አሰላ ይላል።» ደግሞ አነበበው። «ጅዳ ያለው ወረቀቴ ላይ እዚህ ቦታ የሚጻፈው የአሠሪዬ ስም ነበር ጋሼ።»

ሐሙስ ማኅደሩን ይዘን ወደ ውድድሩ ኮሚቴ ሄድን። ወረቀት የሚመረምረው ካሣዬ ነው፤ ሃያ ዓመት ዳኛ ነበር። ስለዚህ ሰው ክፉ እንድናገር አትጠብቁ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ይህ ውድድር ከጥቂት ዓመታት በፊት ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ቡድኖች ከሌላ ከተማ ጎበዝ ተጫዋች እያመጡ፣ በሳምንት መታወቂያ እያስወጡ፣ ዋንጫ ወስደው ይበትኗቸው ነበር፤ የሰፈር ልጆች ግን ማሊያ አጣጥፈው ተመልካች ሆኑ። ያንን በር የዘጋው ካሣዬ ነው። ጉቦ አይቀበልም፣ ምልጃ አይሰማም፣ የወንድሙን ልጅ እንኳ አግዷል። ደንቡን ራሱ ነው የጻፈው፤ አምኖበት ነው የሚሠራበት።

መታወቂያውን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። መሸኛውን አየ፤ መነጽሩን አወለቀ።

«እንደሻው፣ ይህ ልጅ ከጮሌ ነው እንዴ?»

«ከጅዳ ነው። ታውቀዋለህኮ! ሦስት ዓመት ሜዳ ላይ ስታየው!»

«እኔ የማውቀውን ተወው። ወረቀቱ ከጮሌ ወረዳ ተዛወረ ይላል። አንቀጽ ስምንት፤ ከሌላ ወረዳ የመጣ ተጫዋች ከመሸኛው ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ይጠብቃል።»

«ከውጭ ሀገር የመጣስ?» አልኩ እኔ።

«ከውጭ ሀገር የመጣ የከተማው መታወቂያ ካለው ይጫወታል። መጠበቅ የለበትም።»

«እሱ ከውጭ ሀገር የመጣ ነው!»

«ጋሼ፣ ማረጋገጫው?»

ማረጋገጫው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከዲሮ የመጣበት የጉዞ ወረቀት፣ ሊሴ ፓሴው። ካሣዬ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ጣቱን አመላለሰ። «ይኸኛው በ2014 ከጅዳ መጣ ይላል። ይኸኛው እስከ ሰኞ ድረስ የጮሌ ነዋሪ ነበር ይላል። የኋለኛው የፊተኛውን ይሽረዋል።»

«የኋለኛው ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ እንደሻው።

ካሣዬ ቀስ ብሎ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ውሸት ከሆነ መታወቂያውም ይሰረዛል። ቦንሳም ይጠየቃል። ልጻፈው?»

እንደሻው ማኅደሩን መልሶ ብብቱ ውስጥ ከተተ። ካሣዬ ወደ እኔ ዞረ። «አማርኛው የእርስዎ ይመስላል፤ በኦሮምኛም ቢሆን ያስታውቃል። ‹ነዋሪ የነበሩት› የሚለውን ባያስገቡት ኖሮ…» አልጨረሰውም። ሳይጨርሰው የተወው አክብሮኝ ነው። ያ አክብሮት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

አያችሁ፤ እኔ ልጁን ለመርዳት ወረቀት አበጀሁለት። ከዲሮ ምንም ወረቀት የሌለው ሰው ሆኖ ሲኖር የቀረው አንድ ደረጃ ብቻ ነበር፤ በእኔ ብልጠት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ትንሽ ዝም ብዬ የመስኮት ሦስቷን ልጅ አለቃ፣ የአለቃዋንም አለቃ ብለምን፣ ምናልባት በሊሴ ፓሴው ይመዘገብ ነበር። አላደረግሁም፤ መንገዱ ረዘመብኝ፣ አቋራጭ አየሁ። ከቤታችን እስከ ሀገራችን የምንሠራው ስሕተት ይኸው ነው። በሩ ሲዘጋብን በሩን እንደማስከፈት መስኮት እንፈልጋለን፣ ከዚያ በመስኮት የገባ ሌባ ነው ሲሉን እንቆጣለን።

ዓርብ ጠዋት የአስያ ስልክ ጮኸ። ቦንሳ ነበር፤ ነገሩ ጮሌ ደርሷል። አስያ ድምፁን ከፍ አድርጋ ሱቁ ውስጥ ላለነው ሁሉ አሰማችን።

«ወላሂ ተንኮል አላሰብኩም» አለ ቦንሳ። «ግን ወረቀቱ የእኛ ከሆነ የእኛ ይሁና! የአሰላውን መታወቂያ ዛሬ እዚያው ይመልስና መሸኛውን ተቀብሎ ነገ ይምጣ። እኔ መሸኛውን እሰርዛለሁ፣ ነዋሪነቱ ይመለሳል። እሁድ በረኛ፣ ቁጥር አንድ። የእኛ በረኛ ጎበዝ ነው፤ ግን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የቃበቶ ልጅ ካልቆመ አሉኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። እንደሻው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ለጮሌ?» አለ። «በእኛ ላይ? እኔ ያሠለጠንኩት?» ቀጥሎ ሲናገር የድምፁ ቀጭንነት ጠፍቶ ነበር። «ሂድ። ሂድ ተጫወት። በዛብህ ሲሸሽ ከማይ አንተ ስትይዝብኝ ልይ። ቢያንስ ኳስ አያለሁ።»

«ሂድ እንጂ» አለች አስያ። «የአባትህ ሀገር ነው። ዘጠኝ ትውልድ ቆጥረውልሃል። እዚህ ማን ቆጠረልህ?»

እኔም ሂድ አልኩት። እውነቴን ነው፤ በደሌ የሚሠረየው በዚያ መስሎኝ ነበር።

ከዲሮ መታወቂያውን ከደረት ኪሱ አወጣ። አስያ በላስቲክ ጠቅልላለታለች። «አልሄድም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለች አስያ።

«እሱን ለማግኘት ይህን መመለስ አለብኝ።»

ትዕግሥቴ አለቀ። «ከዲሮ፣ ይህን ካርድ እኮ የፈለግነው ለጨዋታው ነው! አሁን ለካርዱ ብለህ ጨዋታውን ትተዋለህ?»

«ለጨዋታው የፈለጋችሁት እናንተ ናችሁ ጋሼ» አለኝ፣ ያለ ቁጣ። «ጮሌዎች ልጃችን አሉኝ፣ አልሃምዱሊላህ፤ ልጅነት አይሰረዝም። መሸኛ ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ልጃቸው ነኝ። መኖር ግን የምኖረው እዚህ ነው። ይህን ለአንድ እሁድ ብዬ ብመልስ፣ ሰኞ እንደገና መስኮት ሦስት ልሰለፍ ነው?»

«ሁለት ዓመትኮ ነው! ሃያ ዘጠኝ ዓመትህ ይሆናል!» አልኩት።

«ጅዳ ሃያ አራት ዓመት ኖርኩ፤ አንዱም አልተቆጠረልኝም» አለ። «ይሄኛው ሁለት ዓመት ይቆጠራል። በቃ።» ወደ አክስቱ ዞረ። «አዳዳ፣ ያን የፋርማሲውን ማቀዝቀዣ ቀጥሬያለሁ፤ ልሂድ።»

መፍቻውን ይዞ ወጣ። አስያ «ግትር! እንደ አባቱ!» አለችና ወዲያው ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። እንደሻውና እኔ ተያየን። ሁለታችንም ተናደን ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አናውቅም።

እሁድ ሜዳው ሞላ። ከዲሮ ከበዛብህ በር ጀርባ ቆሞ «ቀኝህን! ቀኝህን ዝጋ!» እያለ ይጮኽ ጀመር። በሃያኛው ደቂቃ የመስመር ዳኛው መጥቶ ያልተመዘገበ ሰው ከበሩ ጀርባ አይቆምም አለው። አንገቱን ሳይደፋ ወደ ተመልካቹ ሄደ። በሁለተኛው አጋማሽ የጮሌ አጥቂ ከበሩ አግዳሚ በላይ የሰደዳት ኳስ ወደ ሕዝቡ ስትወርድ ሴቶች ራሳቸውን ሸፈኑ፤ ከዲሮ አንድ እጁን አንስቶ እንደ ብርቱካን ቀለባት። ሜዳው በሙሉ ጮኸ። ጮሌዎችም ጮኹ፤ ቦንሳ ቆሞ አጨበጨበ። በሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ከሩቅ የተመታች፣ እየተንከባለለች የመጣች ኳስ ወደ በዛብህ ሄደች። በዛብህ መሪ አጠፈ። አንድ ለባዶ። እንደሻው ማኅደሩን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠበት፤ እስከሚያልቅም አልተነሳም።

ሰኞ ከዲሮ ኮሚቴው ጋ አብረን እንድንሄድ ጠየቀን። ለምን እንደሆነ አልነገረንም። ካሣዬ ገና በሩን እየከፈተ ነበር።

«የእኔ ሁለት ዓመት ከመቼ ይጀምራል?» አለው።

ካሣዬ ደንቡን ገለጠ፤ በቃሉ ቢያውቀውም ገለጠው። «ከመሸኛው ቀን ይላል። ግን…» ሌላ ገጽ ገለጠ። «ምዝገባ የሚካሄደው በበጀት ዓመት ስለሆነ፣ ቆጠራው ከሐምሌ አንድ ነው የሚጀምረው።»

«ካሣዬ!» እንደሻው ጠረጴዛውን መታ። «ሦስት ወር ተጨማሪ? አሁንማ አበዛኸው! ሰው ነህ አንተ?»

እኔም ልናገር ተነሳሁ። ስለ ጊዜ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ሰው ልጅ አንድ ሙሉ ንግግር ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ከዲሮ እጄን ያዘኝ፤ በእነዚያ ጠማማ ጣቶቹ።

«ይቀመጡ ጋሼ።» ወደ ካሣዬ ዞረ። «ሐምሌ አንድ ብለህ ጻፍልኝ።»

«ምኑን?»

«ይኸንኑ። ከዲሮ አማን የአሰላ ነዋሪ ነው፣ ሁለት ዓመቱ ከሐምሌ አንድ ይቆጠራል ብለህ።»

ካሣዬ ትንሽ አመነታ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። ከዚያ ወረቀት ስቦ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሰጠው። ከዲሮ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሊያጥፈው ሲል አንድ ነገር ትዝ አለውና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ማኅተሙስ?» አለ።

እንደሻው ወደ ጣሪያው አየ። ካሣዬ መሳቢያውን ከፈተ፣ ማኅተሙን አወጣ፣ ቀለሙ ስለደረቀ አፉ ጋ አስጠግቶ ሁለት ጊዜ «ሃ» አለበትና መታለት።